ቅጹን ስለ ምን አትፈርሙም?



በመጸው ወራት ከአንዳንድ ልጆቻችን ቦርሳ ውስጥ አንዲት ወረቀት ተጣጥፋ ትከርማለች። የወላጅ ፈቃድ የምትጠይቅ ናት። ክፍሉ ወደ ኤላት ወርዶ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለው የወፎች ማእከል፣ ወፎች ቀለበት ሲደረግላቸው ሊያይ ነው። በሥራዬ ከቤት ወደ ቤት ስዞር ይህችን ወረቀት ሳትፈረም፣ አንዳንዴም በሻይ ብርጭቆ ሥር ተነጥፋ አያታለሁ።

«ወፍ እንጀራ አይሆንም፤ ልጄ ሒሳቡን ያጥና» ይሉኛል። ይህን የሚሉት ሰነፍ ወላጆች አይደሉም፤ ሌሊት ፋብሪካ ሠርተው ጠዋት ልጅ የሚያደርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ አነጋገራቸው ስሕተት ነው፤ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ለመሆኑ እዚያ ምን ይሠራል? ጎሕ ሲቀድ በቁጥቋጦው መካከል ዓይን በቀላሉ የማያያት ቀጭን መረብ ትዘረጋለች። ወፉ ሲበር ይገባባታል፤ ሠራተኞቹ በየጊዜው እየዞሩ ቀስ አድርገው ያወጡትና በጨርቅ ከረጢት ያመጡታል። ክንፉ በማስመሪያ ይለካል፤ ይመዘናል፤ የሆዱ ላባ እፍ ተብሎ ከቆዳው በታች ያለው ስብ ይታያል። ከዚያም ቁጥር የተጻፈበት ቀላል የብረት ቀለበት በእግሩ ይደረግና ይለቀቃል። ስቡን የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሰሐራ በረሃ በፊት ኤላት የመጨረሻ ስንቅ መቋጠሪያ ናት፤ ጥቂት ግራም የምትመዝን ወፍ ክብደቷን ወደ እጥፍ አድርሳ ትነሣለች። (ስፍራው ቀድሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር። ዛሬ ከሩቅ አገር ሰው ሊያየው ይመጣል።) ታዲያ መለካት፣ መመዘን፣ መመዝገብ፣ ያምናውን ከዘንድሮው ማነጻጸር ሒሳብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ እዚሁ ረሖቮት፣ ዓይናችን ሥር ነው። እዚያ የሚገቡት ልጆች መጀመሪያ እንዲህ ባለው ቲዩል ላይ የጠየቁ ልጆች ናቸው። አውቶቡሱ ሲነሣ ግቢ ውስጥ የሚቀሩት ሦስት ወይም አራት ልጆች ግን ሁሉም የእኛ ሲሆኑ አይቻለሁ። በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ካለ እርሱ ሌላ ነገር ነው፤ ሳታፍሩ ለአስተማሪው ንገሩ።

አሁን ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ልመለስ፤ ጥፋቱ የወላጆች ብቻ አይደለምና። ልጆቻችን ክፍል ውስጥ፣ በ1822 በጀርመን አገር አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር የተሰካባት ሽመላ እንደ ተገኘችና አውሮፓውያን ሽመላ ክረምቱን የት እንደምታሳልፍ በዚያ እንደ ተረዱ ይማራሉ። በ1899 ቁጥር ያለበትን ቀለበት በወፍ እግር ማድረግ የጀመረው ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር መሆኑንም ይማራሉ። እውነት ነው፤ ይማሩት። ነገር ግን ያቺ ጦር የመጣችበት አገር ሰው ሽመላን ያውቃት አልነበረምን? ክረምቱ ሲወጣ መምጣቷን፣ አንበጣና ተምች ተከትላ ማሳ ላይ መውረዷን የጎንደር ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የቤተ እስራኤል ልጆችማ ሽመላ በሰማይ ስታልፍ ባዩ ጊዜ የኢየሩሳሌምን ደኅንነት ይጠይቋት ነበር። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 8 ይህችኑ ወፍ ለሕዝቡ ምሳሌ አድርጎ ያመጣታል። በዓመት ሁለት ጊዜ በእስራኤል ሰማይ ላይ 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች ያልፋሉ ይባላል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚሄዱበትን ወገን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ቂርያት ሞሼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አንድም አስተማሪ መጥቶ «አባባ፣ እናንተ ዘንድ በየትኛው ወር ይደርሱ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ አላየሁም። ቀለበት ከተደረገላቸው ትናንሽ ወፎች መካከል ወሬያቸው ተመልሶ የሚሰማው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የመንገዱን ሌላኛ ጫፍ የሚያውቅ ሰው ጎረቤት ሆኖ ሳለ አለመጠየቅ ምን ይሉታል?

አንድ አባት የመለሱልኝ ግን ከሁሉ ይከብዳል። «በ1991 ስንመጣ ግንባራችን ላይ ቁጥር ለጥፈውብን ነበር። አሁን ልጄ ሄዶ በወፍ ላይ ቁጥር ሲያደርጉ ይይ?» አሉኝ። በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ሲሻገር ይህ መደረጉ እውነት ነው፤ ቅሬታውን አላቃልልም። ሆኖም ልዩነቱን እንይ። የወፏ ቁጥር የሚሰጣት ከሌሎቹ ተለይታ እንድትታወቅ፣ የትና መቼ እንደ ተገኘች አብሮ እንዲጻፍላት ነው። ከእኛ ብዙዎቹ ግን ስማቸው በሌላ ተለውጦ፣ የትውልድ መንደራቸውን የጠየቀ ሳይኖር ገቡ። ስለዚህ የሚያስቈጣው ቁጥሩ ሳይሆን የመዝገቡ ባዶነት ነው። ያንን ባዶ የሚሞላው ደግሞ ቤት የቀረ ልጅ አይደለም፤ ሄዶ፣ አይቶ፣ «አያቴ እንዲህ ይላል» ብሎ በክፍሉ ፊት የሚናገር ልጅ ነው።

ለአስተማሪዎችም በዕብራይስጡ ገጽ ጽፌያለሁ፤ ከጉዞው በፊት አንድ ሽማግሌ ወደ ክፍል ይጋበዙ፣ አስተርጓሚ ከሌለ እኔ እመጣለሁ። ወላጆች ሆይ፣ እናንተ ቅጹን ፈርማችሁ ስጡ። መረቡ ከንጋት በፊት ስለሚዘረጋ ለልጁ ሹራብ ጨምሩለት፤ ማታም አያቱ ዘንድ ቁጭ ብሎ ስለ ሽመላ የሚነግሩትን በደብተሩ ይጻፍ።