የባሕር ዳር ከተማና የሕፃን ጥያቄ

ሕፃን ይዞ ጥንታዊ ከተማ ሊያስጐበኝ የሚነሣ ሰው ሁለት ነገር ይመኛል፤ ይኸውም ልጁ እንዲደሰትና እንዲማር ነው። እነዚህ ሁለት ምኞቶች ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ደስታው ብቻ ሲታሰብ ትምህርቱ ይቀራል፤ ትምህርቱ ሲጠና ደግሞ ሕፃኑ ይሰለቻል። እኛ ይህን ጉዳይ ያነሣነው ስለ ዛንዚባር ነው። ዛሬ ዛንዚባር ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የጥቂት ሰዓት መንገድ ናት። ከዚያ የሚመለሱ ወገኖቻችን ስለ ባሕሩና ስለ ነጩ አሸዋ አውርተው አይጠግቡም፤ ስለ ከተማዪቱ ታሪክ ግን ብዙም ሲናገሩ አንሰማም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

«የድንጋይ ከተማ» የሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ሰፈር ለሕፃን የተመቸ ነው። ግድግዳው የተሠራው ከባሕር በወጣ የዛጐል ድንጋይና በኖራ ስለሆነ፣ ልስኑ በወደቀበት ቦታ ሁሉ ልጅ በጣቱ እየዳሰሰ የባሕሩን ፍጥረት ምልክት ሊፈልግ ይችላል። መንገዶቹ ጠባቦች ናቸው፤ ቤቶቹም ረጃጅሞች ስለሆኑ ጥላ አይታጣም። ነገር ግን በዚያው ጠባብ መንገድ ሞተር ብስክሌት ስለሚያልፍ የልጅን እጅ መልቀቅ አይገባም። በናስ ጕብጕብ ያጌጡትን የተቀረጹ በሮች መቍጠር ብቻውን አንድ ጧት ሙሉ የሚያጫውት ነው። ሲመሽም በፎሮዳኒ የአትክልት ቦታ ልጆች ከግንቡ ላይ ወደ ባሕር ሲዘሉ ይታያል። ከከተማዪቱ የሚፈለገው ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ብዕር ባላነሣን ነበር።

ይሁን እንጂ ብልህ ልጅ «እነዚህን ሁሉ በሮች ማን ገዛቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ትክክለኛው ጕብኝት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የዖማኑ ሡልጣን ሰዒድ በ19ኛው መቶ ዓመት ዋና ከተማውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛወረ። ልጁ ሡልጣን ባርጋሽም በ1883 «የድንቅ ቤት» የሚባለውን ታላቅ ሕንፃ አሠራ። ከዚህ ሕንፃ ከፊሉ በታኅሣሥ 2020 ፈርሷል። የዚህ ሁሉ ሀብት ምንጭ የዝሆን ጥርስ፣ ቅርንፉድና የሰው ልጅ ነበር። ቅርንፉዱንም ተክለው የሚለቅሙት ባሮች ነበሩ። ስለዚህ ያማረውን በር አሳይቶ የሰውን ገበያ ሳያሳዩ መመለስ፣ መጽሐፍን ገልጦ ሽፋኑን ብቻ አንብቦ እንደ መክደን ይቈጠራል።

ገበያው የተዘጋው ሡልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት በ1873 ውል ሲፈርም ነው። በቦታው ላይ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል። በግቢው ውስጥም ከመሬት ዝቅ ብሎ በተቈፈረ ጕድጓድ አምስት የድንጋይ ሰዎች በአንገታቸው ሰንሰለት ታስረው ቆመዋል። አዋቂ ሰው ከላይ ወደ ታች ያያቸዋል፤ ቁመቱ አጭር የሆነ ሕፃን ግን ከፊታቸው ይቀርባል። «ለምን አሰሯቸው? ማን ሸጣቸው?» ብሎ ሲጠይቅ አባትና እናት ምን ይመልሱለታል?

ቀላሉ መልስ «ዐረቦች ናቸው» ማለት ነው። ይህ መልስ ግን ከእውነቱ ግማሹ ነው። ከመሐል አፍሪቃ ሰው እየነዱ ያመጡ የነበሩት የዐረብና የስዋሂሊ ነጋዴዎች እንደ ነበሩ እርግጥ ነው። ነገር ግን ምርኮኛ የሚሸጡላቸው የአገሩ ባላባቶች ነበሩ፤ ገንዘብ የሚያበድሯቸው የህንድ ነጋዴዎች ነበሩ፤ የዝሆኑን ጥርስና ቅርንፉዱን የሚገዙት አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ነበሩ። በደልን በአንድ ዘር ላይ ብቻ መለጠፍ የሚያስከትለውን ጥፋትም ዛንዚባር ራስዋ አይታዋለች። በጥር 1964 በተነሣው አብዮት በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ዐረቦች፣ ተገድለዋል። ከሞቱትም መካከል ባሪያ ገዝቶም ሸጦም የማያውቅ ብዙ ሰው ነበር። ታሪክን ለልጅ ስንነግር ቂም እንዳናወርሰው መጠንቀቅ አለብን።

ከሁሉም የሚከብደው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ «እኛስ?» የሚለው። የሡልጣን ሰዒድ ልጅ ሰልማ በ1886 በጀርመንኛ ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ፣ በአባቷ ቤተ መንግሥት የሐበሻ ሴቶች እንደ ነበሩ ጽፋለች። እነዚያ ሴቶች በፈቃዳቸው ለሽርሽር የሄዱ አልነበሩም። ከአገራችን በፍንገላ የተያዘ ሰው በመተማ፣ በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል ይሸጥ ነበር፤ የፈነገለውም የሸጠውም የገዛ ወገኑ ነበር። አገራችን በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያን ንግድ ለማስቀረት ቃል ገብታለች፤ ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1942 ነው። ዛንዚባር ባርነትን በሕግ ከሻረች በ45 ዓመት ዘግይተን መሆኑ ነው።

ሕጉ ቢሻርም ቃሉ አልተሻረም። ዛሬም በትምህርት ቤት ሜዳ ልጆች ሲጣሉ የጠቈረውን ጓደኛቸውን «ባሪያ» ብለው ይሰድቡታል። መልካም ጠባይ ያለውን ሰው «ጨዋ» ብለን ስናመሰግንም፣ ቃሉ በጥንት ጊዜ ባሪያ ያልሆነውን ሰው መለያ እንደ ነበረ የምናስታውስ ጥቂቶች ነን።

«ሕፃን ነው፤ ለምን ታስጨንቁታላችሁ? ባሕሩን ይይ፤ የቀረውን ሲያድግ ይማረዋል» የሚሉን ወዳጆች አሉ። አነጋገራቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አንንቀውም። የአራት ዓመት ልጅ ስለ ሰንሰለት ይማር የሚል ሰው የለም፤ ለእርሱ ባሕሩ ይበቃዋል። ነገር ግን በሜዳ ላይ «ባሪያ» ብሎ ለመስደብ የደረሰ ልጅ፣ የቃሉን ትርጕም ለማወቅም ደርሷል። ስድቡን ማንም ሳይከለክለው ተምሮ ሳለ፣ ትርጕሙን «ሲያድግ» እያልን ብናቈይበት የምንጠብቀው ሕፃኑን ሳይሆን የራሳችንን ኀፍረት ነው።

እንግዲህ ምክራችን አጭር ነው። ጧት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ልጁን ወደ ገበያው ቦታ ውሰዱት፤ በዚያ ቀን ሌላ ቦታ አትጨምሩበት። ስለ ጅራፍና ስለ ደም ማብዛት አያስፈልግም። እነዚህ ሰዎች እንደ እርሱ እናትና አባት፣ ስምም እንደ ነበራቸው ንገሩት። ለምን እንደ ተሸጡ ሲጠይቅ፣ የሚገዛና የሚሸጥ ስለ ነበረ እንደ ሆነ መልሱለት። የእኛም ሰዎች በሁለቱም ወገን እንደ ነበሩ አትደብቁት። ከዚያ በኋላ ወደ ባሕሩ ሄዶ ይዋኝ።

እኛ ተማሪዎች ዛሬ የታናናሾቻችን አስጐብኚዎች፣ ነገም አስተማሪዎችና ወላጆች ነን። ስለ ዐድዋ ለልጅ ስናስተምር ድምፃችን ከፍ ይላል፤ የሚገባም ነው። ስለ ፍንገላው ስንጠየቅ ግን ድምፃችን የሚጠፋ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ታሪክን ሳይሆን መምረጥን ነው። ከዛንዚባር የሚመለስ ልጅ ከዛጐልና ከፎቶግራፍ ጋር አንድ ነገር ይዞ ይምጣ፤ ያንን ስድብ ዳግመኛ ከአፉ ላለማውጣት ምክንያት የሚሆነውን እውቀት።