ቁጥር ምስክር ነው፤ ምስክርም ይሳሳታል

ቁጥር በሰው አፍ ተነግሮ፣ በሰው እጅ ተጽፎ የሚደርሰን ምስክርነት ነው። እንደ ማናቸውም ምስክር ሁሉ ይረሳል፣ ይፈራል፣ ያዳላልም። ሆኖም በሠንጠረዥ ተደርድሮ በታተመ ጊዜ ድካሙ ሁሉ ይሸፈንና እንደማይሻር ፍርድ ይታያል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብና የቤት ቆጠራ በግንቦት ወር 1976 ዓ.ም. ተካሂዶ 42 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ መኖሩ ተገለጸ። ከዚያ ቀደም ሲሠራበት የቆየው ግምት ከዚህ በብዙ ሚሊዮን ያነሰ ነበር። ይኸውም የእህሉም፣ የክትባቱም፣ የትምህርት ቤቱም ዕቅድ ይወጣ የነበረው መጠኑ በትክክል ላልታወቀ ሕዝብ ነበር ማለት ነው። ቆጠራው ራሱም ሁሉን አልደረሰም፤ በጦርነቱ ምክንያት ቆጣሪዎች ሊገቡባቸው ባልቻሉ የኤርትራና የትግራይ ገጠሮች የሕዝቡ ብዛት በግምት ተሞልቷል።

ቆጣሪው በገባበት ቤትም ስሕተት አብሮት ይገባል። የልደት ምዝገባ ባልተስፋፋበት አገር ዕድሜ የሚነገረው በደፈናው ነውና፣ በሠንጠረዡ ላይ የ40 እና የ50 ዓመት ሰዎች ሲበዙ የ41 እና የ51 ዓመት ሰዎች ያንሳሉ። በዚያ ቆጠራ አንድን አዛውንት «በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ጊዜ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ለዘመቻ ደርሰው ነበር?» ብሎ በትዕግሥት የሚጠይቅ ቆጣሪ ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ፊት አይቶ «60» ብሎ የሚጽፍ ግን የራሱን ግምት ቆጥሮ ይመለሳል።

ከስሕተት የሚከፋው አድልዎ ነው። ስሕተት ወዲያና ወዲህ ይበተናል፤ አድልዎ ግን ዘወትር ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ገበሬው ግብር ሊጣልበት ነው ብሎ ከጠረጠረ በሬውንና ማሳውን ያሳንሳል፤ እርዳታ ሊታደል ነው ከተባለ ቤተሰቡን ያበዛል። የበታች ሠራተኛው ዕቅዱ መቶ በመቶ ተፈጸመ ለማለት ይጽፋል፤ የበላዩም ደስ ያሰኘውን አሐዝ ሳይመረምር ያስተላልፋል። በመካከሉ የሚጎዳው በወረቀት ላይ ጠግቦ በቤቱ የተራበው ሰው ነው።

ይህን ዛቻ አያቃናውም። ተጠያቂው የሰጠው ቃል ለግብርም ለክስም እንደማይውልበት ይረጋገጥለት፤ ያም ቃል ይጠበቅ። ቆጣሪው በቂ ሥልጠናና በቂ ጊዜ ያግኝ፤ ከቆጠራቸው ቤቶችም ጥቂቶቹ በሌላ ሰው ዳግመኛ ይቆጠሩ። ከሁሉም በላይ «አልታወቀም» ብሎ በሐቅ የጻፈ ሠራተኛ እንደ ሰነፍ መታየቱ ይቅር። ባዶ የተተወ መስመር ነገ ተጠይቆ ሊሞላ ይችላል፤ በሐሰት የተሞላውን ግን ማንም ተመልሶ አይጠይቀውም።