መኪና የሚመረጠው በመልኩ ነው ወይስ በመንገዱ?

በሐዲያና በከምባታ ገጠር ፈረስ የሚገዛ አዋቂ ሰው በቀለሙ ተማርኮ ገንዘቡን አይቆጥርም። አስቀድሞ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ኮቴውን አንሥቶ ይመረምራል፤ ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል፤ በመጨረሻም ዳገት አስወጥቶ ቁልቁለት አስወርዶ ይፈትነዋል። ፈረሱ የሚያገለግለው በገበያው ሜዳ ላይ ሳይሆን በዳገቱ ላይ መሆኑን ያውቃልና። የዚሁ ሰው ልጅ ግን በሆሳዕና ከተማ መኪና ለመግዛት ሲነሣ በአብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ፣ ስለ መብራቱ ቅርጽ፣ ስለ ቸርኬው ስፋትና ስለ ስክሪኑ ትልቅነት ነው። አባት ለፈረስ ያደረገውን ጥንቃቄ ልጅ ለመኪና ሲነፍገው ማየት ያስገርማል።

ጉዳዩ የቅንጦት ወሬ አይደለም። ከሁለቱ ሕዝቦች መካከል በርካታ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደው እንደሚሠሩ ይታወቃል። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ ከምናያቸው ቤቶች፣ ሱቆችና ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የዚያ ላብ ውጤቶች ናቸው። ወንድም በባዕድ አገር ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ በአንድ ቀን ለአንድ መኪና ይከፈላል። መኪናው ቤተሰብ የሚያስተዳድር መሆኑ ቀርቶ ከጋራዥ ጋራዥ የሚንከራተት ከሆነ የከሰረው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ላኪውም ጭምር ነው። በመሆኑም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ቀላል ሐሳብ ማስረዳት ነው፤ ይኸውም መኪና መመረጥ ያለበት አስቀድሞ በሚሄድበት መንገድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በመልኩ መሆኑን ነው።

ጊዜውም ጥያቄውን አጥብቆታል። መንግሥት በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት በተግባር የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ሆኗል። ገዢው እንግዲህ በሁለት ገበያዎች መካከል ቆሟል። በአንድ በኩል ቀድሞ አገር ውስጥ የገባው ያገለገለ የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና፣ በሌላ በኩል አዲሱ የኤሌክትሪክ መኪና አለ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለመመዘን ጥቂት ፊዚክስ ያስፈልጋል።

ሞተርና ከፍታ

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ በ2200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 15 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተሩ በእያንዳንዱ ምቱ የሚስበው የአየር ይዘት ስፋቱ አይቀየርም፤ ክብደቱ ግን በከፍታው ምክንያት ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያቃጥለው ነዳጅም ሆነ የሚሰጠው ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። በመጽሐፉ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት ትንሽ መኪና ሆሳዕና ሲደርስ 55 ያህል ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ይህ የመኪናው ብልሽት ስላልሆነ ሻማ በመለወጥ አይስተካከልም።

አምስት ሰው የጫነና በጠቅላላው 1400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 25 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይፈልጋል። «55 ካለው 25 ምን ያስቸግረዋል?» ይባል ይሆናል። ችግሩ ሞተሩ ያንን 55 የሚሰጠው እጅግ ፈጥኖ ሲሽከረከር ብቻ መሆኑ ነው፤ በዝግታ ሲሽከረከር የሚሰጠው ከግማሽ በታች ነው። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ በከፍታው የሚደርስበት ጉዳት አነስተኛ ነው። ስለሆነም ለደጋ ነዋሪ የሲሊንደሩ ስፋት ብቻውን በቂ መለኪያ አይደለም። «ይህ ሞተር አየሩን እንዴት ያገኛል?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ካምቢዮ፦ በእጅ ወይስ በራሱ?

ሞተሩ በዝግታ ሲሽከረከር ጉልበት የሚያጣ መሆኑ ነው ካምቢዮን ያስፈለገው። በእጅ የሚለወጥ ማርሽ ዳገቱን አስቀድሞ ለሚያይ ሹፌር ታላቅ መሣሪያ ነው። ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል፤ በቁልቁለቱም በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል። ጉድለቱ በሹፌሩ ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ዳገት ላይ መኪናውን በእጅ ፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ይዞ የመቆም ልማድ ያለበት ሰው ፍሪሲዮኑን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ለዳገት አይሆንም የሚባለው አነጋገር ዛሬ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ዳገት ላይ ሲነሣ ወደ ኋላ አይንሸራተትም፤ ፍሪሲዮን አያስቃጥልም። ነገር ግን ብዙ አሽከርካሪዎች ማንሻውን አንድ ጊዜ ወደ መንጃው ከሳቡ በኋላ ዝቅተኛ ማርሽ እንዲይዝ የሚያዘው ቦታ መኖሩን ጨርሶ ይረሱታል። ረጅሙን ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ይወርዳሉ፤ ፍሬኑም ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይዝም። ከዚህ የባሰው ነዳጅ ለመቆጠብ በሚል በፎሌ መውረድ ነው። ነዳጁ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር በማርሽ እየወረደ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የነዳጁን ፍሰት ያቋርጣል። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በፎሌ የሚወርድ ሰው ነዳጁንም ፍሬኑንም ያባክናል።

ሦስተኛው ዓይነት በሁለት ጎማ መሰል ተሽከርካሪዎች መካከል በተዘረጋ የብረት ቀበቶ የሚሠራውና ሲ.ቪ.ቲ. የሚባለው ነው። ለሜዳ ከተማ ለስላሳና ቆጣቢ ነው። ነገር ግን ተጭኖ ረጅም ዳገት ሲወጣ ይግላል፤ የራሱ የሆነ ልዩ ዘይትም ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ዘመድ እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ ነበር። በአንድ ጋራዥ የተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ተሞላለት፤ ወራት ሳይቆይ ቀበቶው መንሸራተት ጀመረ። በመኪናውም በመካኒኩም ከመፍረድ በፊት ልንጠይቅ የሚገባን በአቅራቢያችን ይህን ካምቢዮ የሚያውቅ እጅና ዘይቱን የሚሸጥ ሱቅ መኖሩን ነበር።

የኤሌክትሪክ መኪና በደጋ

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ስለዚህ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። ከቆመበት ሲነሣ ሙሉ የማሽከርከር ኃይሉን ስለሚሰጥ ማርሽ መለዋወጥም አያስፈልገውም፤ አብዛኛዎቹ በአንድ ማርሽ ብቻ ይሄዳሉ። እንግዲህ ከላይ ያነሣናቸው ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች፣ የሞተርና የካምቢዮ ጥያቄዎች፣ በአንድ ጊዜ ይወድቃሉ። «ዳገት ባትሪውን ይጨርሰዋል» የሚለውን ስጋት ደግሞ በስሌት እንመልከተው። ከሀላባ ቁሊቶ ወደ ሆሳዕና ሲመጣ የከፍታው ልዩነት 500 ሜትር ገደማ ነው። ከነተሳፋሪው 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት የሚፈልገው ተጨማሪ ኃይል 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ ይህ ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ሲመለስ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ የዚህን ኃይል ጥሩ ክፍል ለባትሪው ይመልሳል። የቤንዚን መኪና ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲሞላ ታይቶ አይታወቅም።

ይሁን እንጂ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ሆሳዕና ላይ ባትሪውን እስከ አፉ ሞልቶ በምዕራብ በኩል ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ከ1000 ሜትር በላይ ሲወርድ የሚመነጨውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልምና ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፤ ሸክሙ ወደ ተራው ፍሬን ይዛወራል። ስለዚህ ለቁልቁለት ጉዞ ባትሪውን ከመቶ 80 ወይም 90 ላይ መተው ይሻላል። ሁለተኛው፣ ሻጭ የሚናገረው የርቀት ቁጥር ነው። በቻይና የሙከራ ዘዴ የተለካ ርቀት በመንገድ ላይ ቢያንስ አንድ አምስተኛው እንደሚጎድል ገምቶ መነሣት ብልህነት ነው። 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ለመሄድ ሙሉ ባትሪ ይበቃል፤ እዚያ ሳይሞሉ መመለስ ግን በዕድል መጫወት ነው። ሦስተኛው፣ ከቤት ሶኬት በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚገኘው 2.2 ኪሎ ዋት ብቻ መሆኑ ነው። ስምንት ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ቢሞላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። መብራት ሳይቋረጥ ካደረ ማለት ነው። በዚሁ ኦሞ ወንዝ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጷጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ ከ5000 ሜጋ ዋት በላይ። ለመኪና ገዢው ግን ወሳኙ ከትራንስፎርመሩ እስከ ግቢው የሚደርሰው የመጨረሻው ሽቦ ነው።

መልክስ?

መልክ ፈጽሞ አይታይ አይባልም። ነገር ግን ከመልክ ውስጥም ሥራ ያለውንና የሌለውን መለየት ይገባል። አየር ሰንጥቆ እንዲያልፍ ተብሎ የተቀረጸ ዝቅ ያለ አካል ጥቅሙ የሚታየው በከፍተኛ ፍጥነት ነው። የአየር መቋቋም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ100 ከሚሆነው አንድ አራተኛ ብቻ ነው። የከተማውን ኮብልስቶንና የገጠሩን ጥርጊያ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው የቅርጹ ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው። ወደ ፊት የተዘረጋ ዝቅተኛ ፓራውልት ከቦይ ጠርዝ ጋር ይላተማል፤ ሰፊ ቸርኬ ላይ የተወጠረ ስስ ጎማ በጉድጓድ ውስጥ ይቀደዳል፤ ቸርኬውም ይጣመማል። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከሁሉ ውድ የሆነው ባትሪ ከወለሉ ሥር ተኝቷል። ስለዚህ ገዢው ከመብራቱ ቅርጽ በፊት በርከክ ብሎ ከመሬት እስከ ሆዱ ያለውን ርቀት በሜትር ይለካ። የሚለካውም ባዶውን ሳይሆን አምስት ሰው ተቀምጦበት ነው።

የጸሐፊው አስተያየት

በከተማ ውስጥና ከከተማ ከተማ ለሚመላለስ፣ በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ለማያልፍና በግቢው አስተማማኝ መብራት ላለው የደጋ ነዋሪ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ የተሻለ የዳገት መኪና ነው። በየሳምንቱ ሩቅ ለሚጓዝ፣ ጭነት ለሚያበዛ ወይም በክረምት ጭቃ ወደ ቆላ ለሚወርድ ግን መለዋወጫው በየከተማው የሚገኝ፣ በእጅ ማርሽ የሚሠራና ከመሬት ከፍ ያለ ያገለገለ መኪና ዛሬም ብልህ ምርጫ ነው። አብዛኛዎቹ መካኒኮቻችን ያደጉት በዚያ ሞተር ላይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች እናቅርብ። እንደ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት የሚገኙት በዚሁ ዳገት ላይ ነው። አንድ የታወቀ ዳገት መርጦ፣ ተመሳሳይ ጭነት ጭኖ፣ በየመኪናው የሚፈጀውን ጊዜ፣ ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ መዝግቦ ውጤቱን በአማርኛ፣ በሐዲይኛና በከምባትኛ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ማውጣት ለአንድ የፊዚክስ ክፍል የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው። ያ ገጽ በየሻጩ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ከሩቅ አገር የተላከ ስንት ገንዘብ ከብክነት ይድን ነበር! ድስት ጥዶ ከማልቀስ መጥኖ መደቆስ እንዲሉ፣ ልኬቱ ከግዢው ይቅደም።