ቆዳን የሚምር ጨረር

«ጨረር በሰውነት ውስጥ የተደበቀውን ካንሰር የሚገድል ከሆነ፥ መጀመሪያ የሚያገኘውን ቆዳ ስለ ምን አይፈጀውም?» ተማሪዎች ይህን ዘወትር ይጠይቁኛል፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም።

ለመልሱ የየካ ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። በነሐሴ በእንጦጦ ተራራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ልብ ብሎ ይመልከት። ከተራራው ራስ ላይ የሚሄደው ውሃ ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ቁልቁል በወረደ ቁጥር ግን ከየስርጡ የሚፈሰው እየተጨመረበት፥ ከቀበና ወንዝ ሲደርስ ሰው የሚወስድ ጎርፍ ይሆናል። የጨረሩም ነገር እንዲሁ ነው። ብርቱው ጨረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ ኤሌክትሮኖችን እየመታ ወደ ፊት ያስሮጣቸዋል፤ አብዛኛውን ጉዳት የሚያደርሱትም እነዚሁ ናቸው። በቆዳው ላይ ገና ጥቂት ናቸው፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ይበዛሉ። ከዚያ ወዲያ ጨረሩ ራሱ ስለሚደክም መጠኑ ይቀንሳል። (እዚህ ላይ ወንዙ ምሳሌ አይሆነንም።)

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው መሣሪያ በኮባልት 60 የሚሠራ ነበር፤ የእንዲህ ያለው ጨረር ከፍተኛ መጠን የሚገኘው ከቆዳው 5 ሚሊሜትር ያህል ገባ ብሎ ነው። ሊኒያር አክሴሌሬተር በሚባለው አዲስ መሣሪያ፥ ኃይሉ 6 ሚሊዮን ቮልት ሲሆን፥ 15 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ያን ጊዜ ቆዳው የሚደርሰው ከከፍተኛው መጠን ሩብ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ሲሰፋ ግን ይጨምራል።

ችግሩ መለካቱ ላይ ነው። በጨረር የሚጎዳው ሕያው የቆዳ ክፍል ከገጹ 0.07 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በየሐኪም ቤቱ የተለመደው ጣት መሰል መለኪያ ግን የውስጡ ስፋት 6 ሚሊሜትር ያህል ነው። በዚህ ቆዳን መለካት የወረቀትን ውፍረት በክንድ እንደ መለካት ነው። ይባስ ብሎ የመለኪያው ግድግዳ ራሱ ኤሌክትሮን ስለሚያወጣ ቁጥሩ ከእውነተኛው ይበልጣል።

ለዚህ የተገኘው ዘዴ ደስ የሚል ነው። ሁለት ስስ ሳህኖች ፊት ለፊት ይደረጉና በመካከላቸው ያለው ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ይለካል፤ ነጥቦቹ በግራፍ ወረቀት ላይ ይሰፍሩና መስመሩ ክፍተቱ ዜሮ እስከሚሆንበት ድረስ ይሳባል። ማንም መሣሪያ ሊደርስበት የማይችለው ቁጥር እዚያ ይገኛል። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይህን መስመር መሳብ ያውቃል፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን የሚነግረው ያጣል። በበሽተኛው ቆዳ ላይ ደግሞ ስስ ፊልም፥ ወይም ሲሞቅ ያጠራቀመውን ኃይል በብርሃን የሚመልስ ክሪስታል ይለጠፋል።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ አይደለም። ፊት እንዳይነቃነቅ የሚያለብሱት የፕላስቲክ ጭምብል ወይም ወፍራም እርጥብ ፋሻ፥ ጎርፉ ከቆዳው በላይ እንዲጀምር ያደርገዋል፤ ቆዳውም ይቃጠላል። ቁስሉ ከበረታ ሕክምናው ይቋረጣል፤ ከገጠር መጥቶ ወራት ተራ ለጠበቀ በሽተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንጻሩ የጡት ካንሰር እስከ ቆዳ የደረሰባት ሴት ብትሆን፥ ሐኪሞች ሥጋ መሰል ንጣፍ ሆን ብለው በደረቷ ላይ ያደርጋሉ። ንጣፉ 5 ሚሊሜትር ይሁን ወይስ 10፥ በየቀኑ ይደረግ ወይስ አንድ ቀን እየተዘለለ፥ ሐኪሙና የፊዚክስ ባለሙያው የሚመክሩት ያንን ቁጥር በእጃቸው ይዘው ነው።