ቁጥር 44 እና የሾፌሩ እንጀራ

ከዳላስ በስተ ምሥራቅ፣ በሬይ ሀባርድ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኘው ሮውሌት፣ እንጀራውን በከባድ መኪና መሪ ላይ ለመሠረተ ኢትዮጵያዊ የሽንት ምርመራ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ምርመራው ግን ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። አንደኛው «መሣሪያ አይሳሳትም» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «መሣሪያው ጫትን ከሌላው አይለይም» የሚል ነው። ሁለቱም ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባለው መሣሪያ ምን እንደሚሠራ ካለማወቅ የመነጩ ናቸው።

መሣሪያው ሞለኪውልን ሰብሮ ስባሪዎቹን ይመዝናል። በቆየውና በተለመደው ስልት 70 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ሞለኪውሉን ይመቱታል። አሰባበሩ ግን መሬት ላይ እንደ ወደቀ ሸክላ በዘፈቀደ አይደለም። ናይትሮጅን ካለበት፣ ናይትሮጅኑን የያዘው ካርቦን ከሚቀጥለው ካርቦን ጋር ያለው ትስስር ቀድሞ ይላቀቃል፤ ናይትሮጅኑ ቻርጁን ተሸክሞ ስባሪውን ስለሚያረጋጋው ነው።

የአምፌታሚን ክብደት 135 ነው፤ ሲሰበር ጎልቶ የሚታየው ግን 44 ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን 149 ይመዝናል፤ እርሱም ጎልቶ የሚያሳየው ያንኑ 44 ነው። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንኳ ክብደቱ 44 ነው! ይህ ቁጥር ብቻውን ለምስክርነት አይበቃም። ልዩነቱ የሚገኘው በትንንሾቹ ስባሪዎች ነው፤ ካቲኖን ኦክስጅን ስላለው 105ንና 77ን ይተዋል፣ አምፌታሚን ደግሞ 91ን። የማቅጠኛው ክኒን ፌንተርሚን ነገር ይብሳል፤ ክብደቱ ከሜታምፌታሚን ጋር እኩል 149፣ ዋና ስባሪውም እንደዚያው 58 ነው። ስለዚህም ቤተ ሙከራዎች ሞለኪውሉን ከሌላ ከባድ ውህድ ጋር አጣምረው ይሰብሩታል፣ ከክሮማቶግራፊው የሚወጣበትንም ደቂቃ ይመዘግባሉ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ስሕተት ተፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መባቻ በአሜሪካ፣ የጉንፋን መድኃኒት ከነበረበት ሽንት ሜታምፌታሚን ተገኘ ተባለ። ሚዛኑ አልዋሸም። ሜታምፌታሚኑን የሠራው የናሙና ማስገቢያው ሙቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውነት ከሜታምፌታሚን የሚሠራው አምፌታሚን አብሮ ካልተገኘ ውጤቱ ተቀባይነት የለውም፤ ዛሬ የሚጠየቀው መጠን በሚሊ ሊትር 100 ናኖግራም ነው።

ስለዚህ «መሣሪያ አይሳሳትም» የሚለው እምነት ከሁለተኛው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ንጹሑን ሰው አፉን ያስይዘዋልና። ሁለተኛውም ቢሆን ለጫት ቃሚ መሸሸጊያ አይሆንም። ካቲኖን በፌዴራሉ የአሽከርካሪዎች ምርመራ ዝርዝር ውስጥ ባይኖርም፣ ከ1993 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ጥብቅ ክልከላ ካለባቸው ዕፆች ተርታ ተመድቧል። ከቅጠል ይምጣ ከፋብሪካ፣ አሰባበሩ አንድ ነው።

ሾፌሩ ሊያውቀው የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በፌዴራሉ ደንብ የሚሰጠው ሽንት በሁለት ጠርሙስ ይከፈላል፤ በአንዱ 30፣ በሌላው 15 ሚሊ ሊትር። ውጤቱን ያልተቀበለ ሰው ሁለተኛው ጠርሙስ በሌላ ፈቃድ ባለው ቤተ ሙከራ እንዲመረመርለት መጠየቅ ይችላል። ቅድሚያ የሚከፍለው ባይኖረውም ምርመራው ሊከለከል አይገባም፤ ወጪው ኋላ ሊጠየቅ ይችላል። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ውጤቱን የሚገመግመው ሐኪም ለሾፌሩ ካሳወቀበት ቅጽበት ነው።