የማን እንደራሴ?

«እንደራሴ» ማለት በቦታው በሌለ ሰው ተተክቶ የሚናገር፣ የሚፈርምና የሚወስን ሰው ነው። ቃሉ ዛሬ ከምርጫ ሣጥን ጋር ቢያያዝም ለረጅም ዘመን የሚጠራበት ንጉሥን የተካ ሹም ነበር። ራስ ተፈሪ መኰንን በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ከመስከረም 1909 ጀምሮ፣ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ነበሩ። ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስትቀላቀልም አሥመራ የተቀመጠው የዘውዱ ወኪል «የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ» ተብሏል። የኢትዮጵያ ምክር ቤት ታሪክ ይህ ቃል ባለቤት የቀየረበት ታሪክ ነው፤ ከላይ ይሰጥ የነበረው ውክልና ከታች እንዲሰጥ የተደረገበት። በሕግ ደረጃ ለውጡ በ1948 ተጀምሮ በ1987 ተፈጽሟል። በአሠራር ግን ገና መንገድ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዕጩውን የሚያቀርበውና ረቂቁን የሚጽፈው ክፍል እስካሁን ከመራጩ ርቆ የተቀመጠ ነው።

ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ከነገሡ በኋላ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ታወጀ። አርቃቂው ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ሲሆኑ፣ አብነት የሆናቸው በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣው የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። 55 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ከመኳንንቱ መካከል በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ በመኳንንቱና በየአካባቢው ሹማምንት ይመረጣሉ። «እስኪበቃ ድረስ» የሚለው ሐረግ ትልቅ ነገር ይዟል። ምርጫ የሕዝብ ጉዳይ መሆኑን ያምናል፤ ግን ቀኑን አይቆርጥም፤ መብቃቱንም የሚመሰክረው ሕዝቡ አይደለም። ለአንድ መኰንን ታዛዥ ሆኖ አዲስ አበባ የመጣ አባል፣ የመጣበት አገር ገበሬ ስሙን እንኳ ሳይሰማ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበር።

ያም ሆኖ ምክር ቤቱን እንደ ጌጥ ብቻ መቁጠር ስህተት ነው። ሕግ ተጽፎ፣ ተነብቦና ክርክር ተደርጎበት እንዲወጣ የሚያስገድድ ሥርዓት ከዚያ በፊት አልነበረም። የየአውራጃውን ባላባት በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ በአንድ ረቂቅ ላይ ማነጋገርም የማዕከላዊ መንግሥት መሣሪያ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉትም ይህንኑ ነው። የጣሊያን ወረራ ሥራውን አቋረጠው፤ ከነጻነት በኋላ ምክር ቤቱ እንደገና ተከፈተ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓላቸውን 25ኛ ዓመት ባከበሩበት በ1948 ነው። በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት ዕድሜው 21 የሞላ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን በየአራት ዓመቱ እንዲመርጥ ተፈቀደ። 200,000 ያህል ሕዝብ ያለው የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይልካል። በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ ደራሲዋና መምህርቷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ገቡ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ በኋላ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ምርጫዎች ተደረጉ። የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም። እያንዳንዱ ዕጩ በስሙ፣ በዘመዱና በንብረቱ ብቻ ይወዳደር ነበር።

ከእነዚህ ሦስቱ ንብረቱ ልዩ ትኩረት ይሻል። ዕጩ ለመሆን በምርጫ ክልሉ 1,000 ብር የሚያወጣ መሬት ወይም ሌላ የማይንቀሳቀስ ንብረት፣ ያለዚያም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልግ ነበር። ጭሰኛው ይመርጣል፤ ጭሰኛ ግን አይመረጥም። የዚህ አንቀጽ ዋጋ የታየው የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስነው ረቂቅ ሕግ ምክር ቤት በደረሰ ጊዜ ነው። ረቂቁ የኪራዩን ልክ ለመወሰንና ጭሰኛው ያለ በቂ ምክንያት ከመሬቱ እንዳይነቀል ለማድረግ የታለመ ነበር። በአዳራሹ ተቀምጠው የሚመረምሩት ግን አብዛኞቹ ባለመሬት ነበሩ። ረቂቁ ሲገፋና ሲመለስ ዓመታት አልፈው የ1966ቱ አብዮት ደረሰ። ለዚህ የግለሰቦችን ክፋት መፈለግ አያሻም። ማን ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሕግ፣ ከዚያ ወንበር የትኛው ሕግ እንደማይወጣም አስቀድሞ ወስኖ ነበር። «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ ምክር ቤቱ ውስጥ መልስ ሲያጣ አደባባይ ወጣ።

የምክር ቤቱ ሥልጣንም የተገደበ ነበር። የሕግ መወሰኛው አባላት አሁንም በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ ሚኒስትሮች ተጠሪነታቸው ለዘውዱ ነው፤ ምክር ቤቱ በማይሰበሰብበት ጊዜም ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ማውጣት ይችላሉ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት የተዘጋጀው አዲስ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤቱ ተጠሪ ሊያደርግ ነበር፤ ዘገየ። መስከረም 2 ቀን 1967 ወታደራዊው ደርግ ንጉሡን አወረደ፣ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ምክር ቤቱንም በተነ።

ከዚያ 13 ዓመት ያህል አገሪቱ የተመረጠ ሕግ አውጪ አልነበራትም። በ1979 የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ ዕጩዎቹን ያቀረቡት ግን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) እና በሥሩ ያሉ የብዙኃን ማኅበራት ናቸው። ሸንጎው በመደበኛነት በዓመት አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ በመካከሉ ያለውን ሥራ የመንግሥት ምክር ቤት ይይዛል። የአባላት ብዛት ከውክልና ጋር አንድ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

የደርግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ በ1983 በሽግግር ቻርተሩ የተቋቋመውን 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ተከትሎ፣ ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የዛሬውን መዋቅር አቆመ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራል መንግሥቱ የሥልጣን ቁንጮ ሆነ። መቀመጫው ከ550 አይበልጥም፤ ከዚህም ቢያንስ 20ው በቁጥር አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች የተጠበቀ ነው። አባላቱ በየአምስት ዓመቱ፣ በየምርጫ ክልላቸው ብልጫ ድምፅ በማግኘት ይመረጣሉ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንጻሩ ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል። በ2012 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ምርጫው ሲተላለፍ የምክር ቤቶቹን ዘመን ያራዘመው ይኸው ሥልጣኑ ነው።

አንድ ሕግ የሚሄድበት መንገድ ውክልናው የት እንደሚላላ ያሳያል። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት ተጽፎ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ካለፈ በኋላ ለምክር ቤቱ ይላካል። በመጀመሪያው ንባብ ተነብቦ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው የባለድርሻ አካላት መድረክ ይጠራል፣ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። የጸደቀው አዋጅ በፕሬዚዳንቱ ተፈርሞ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ አዋጁ ከመጽናት አይቀርም። በጀቱም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ያበቃል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። በእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች የአባሉ ተራ የሚደርሰው ዋናው ነገር ከተጻፈ በኋላ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ተወካዩን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ ያደርገዋል። ፓርቲውን በዚህ ዝርዝር አልጠቀሰም፤ በተግባር ግን አራተኛው ተጠሪነት እርሱ ነው፤ ሌሎቹንም ብዙ ጊዜ ይቀድማል። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫ አገኙ፤ በአዲስ አበባ 23ቱንም ተቃዋሚው ቅንጅት ወሰደ። በ2002 ከ547ቱ 545ቱ በገዢው የኢትዮጵያ ሕዝቦች አብዮታዊ ዴሞክራሲያዊ ግንባር (ኢሕአዴግ) እና በአጋሮቹ ተያዙ፤ በ2007 አንድም አልቀረ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ ደግሞ ብልጽግና ፓርቲ በወቅቱ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ።

ስለዚህም የካቲት 23 ቀን 2010 የሆነው ነገር ብዙዎችን አስገረመ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለድምፅ ሲቀርብ፣ አንድም ተቃዋሚ ባልተቀመጠበት አዳራሽ፣ 88 እጆች ለተቃውሞ ተነሡ፤ 7 አባላት ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። የደገፉት 346 ናቸው ተባለ፤ በኋላ ቁጥሩ 395 ተብሎ ታረመ። አዋጁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልግ ስለነበር ቆጠራው ራሱ አነጋጋሪ ሆነ። ያን ቀን ተቃውመው እጃቸውን ያወጡት አባላት የዚያው ግንባር ተመራጮች ሲሆኑ፣ የመጡበት አካባቢ ደግሞ ለወራት በተቃውሞ ሲናጥ ነበር። የምርጫ ክልሉ ጩኸት ከፓርቲው ድምፅ በላይ ሲሰማ ከታየባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

በየዓመቱ የሥራ ዘመኑ ሲዘጋ ተወካዮቹ ወደየመጡበት ወርደው መራጩን ያነጋግራሉ። የሚሰሙት አንድ ነው፦ ውኃው ተቋርጧል፣ መንገዱ ተጀምሮ ቆሟል፣ መብራቱ አልገባም። ይህን ይዘው ለሚመለከተው ሚኒስቴር ያደርሳሉ። የመራጩ ቃል እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል ማለት ነው፤ የሚደርሰው ግን አስፈጻሚው እጅ ነው። ሕገ መንግሥቱ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ እንዲያነሣ ሥልጣን ቢሰጠውም፣ ቃሉ ከአቤቱታ መዝገብ ተነሥቶ ረቂቅ ሕግ ሆኖ ወደ አዳራሹ የሚመለስበት በር ዛሬም ጠባብ ነው።