ለማን እንደደረሰ ይለጠፍ

እኛ ሞያሌ ላይ የምንነግድ ሰዎች እቁብ ስንጥል ዕጣው የሚወጣው ሁላችንም ባለንበት ነው። ያልደረሰው ሰው የማያኮርፈው በዓይኑ ስላየ ነው።

ለአነስተኛ ነጋዴ ተብሎ የሚመደብ የመንግሥት ድጋፍ ግን ጓዳ ውስጥ ይታደላል። ተመዝግበን እንጠብቃለን፤ ኋላ «አልቋል» እንባላለን። ለማን እንደደረሰ፣ እኛስ ለምን እንደቀረን የሚነግረን የለም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 590/2000፣ በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ ዜጋ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋሉ።

ስለዚህ የተቀባዮቹ ስምና የገንዘቡ መጠን በሰሌዳ ይለጠፍ፤ የተከለከለውም ምክንያቱን በጽሑፍ ይቀበል። ያለዚያ ምን ይዞ ይግባኝ ይላል? የእቁብ ዳኛ የሚጠየቀውን ያህል ሹሙም ይጠየቅ።